ማን ወደ ማን ቤት ይሄድ ነበር?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ዛሬ በአንድ ስም የሚጠራ ክፍለ ከተማ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን በዚሁ መሬት ላይ ሦስት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን ይኖር ነበር። በምሥራቅ በኩል የደብረ ዘይት መንገድና የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ተያይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በዚያ መስመር ከጎተራ እስከ ሳሪስ ፋብሪካው፣ መጋዘኑና ጋራዡ ተደርድሯል፤ ከጀርባው የወዛደሩ የጭቃ ቤት ተጠጋግቶ ቆሟል። በምዕራብ በኩል ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው የልደታ ሜዳ አካባቢ ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው የቪላ ሠፈር አለ፤ ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴውና የውጭ አገር ዲፕሎማቱ በሰፊ ግቢ የሚኖርበት። ወደ ታች መካኒሳና ላፍቶ ደግሞ ገና እርሻ ነበሩ። አውድማው ላይ ቆሞ የቪላውን ጣራ ማየት ይቻል ነበር።

የእነዚህ የሦስቱ ኑሮ ሴቶች ልጆች የት ተገናኙ? ተገናኝተውስ ምን ያህል ተወዳጁ? አብዮቱ ሲመጣ ወዳጅነቱ ምን ሆነ? የ1966ቱን አብዮት ስናወራ ወታደሩን፣ ተማሪውን፣ ጭሰኛውንና ንጉሡን እናነሳለን። አብረው ሱዚ የዘለሉ ሁለት ልጃገረዶች አንደኛቸው “የፊውዳል ልጅ” ሌላኛቸው “የጭቁን ልጅ” ተብለው በተለያየ መዝገብ የተጻፉበት ቀን ግን ከአብዮቱ ታሪክ የሚያንስ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም መደብ የሚባለው ነገር በኢትዮጵያ ከተማ እንዴት ይኖር እንደነበር ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት አላገኘሁም።

መጀመሪያ ቦታውን እንረዳ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር የመኳንንት ሠፈር ስብስብ ነበረች። ራሱ ወይም ደጃዝማቹ ኮረብታው ላይ ያድራል፤ ወታደሩ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ፈረስ ጠባቂው በዙሪያው ይሠፍራሉ። በዚህ ምክንያት ሀብታምና ድሃ በአጥር እንጂ በሠፈር ሳይለያዩ ኖሩ። ከቴህራን ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይገባናል። የኢራን አብዮት በመጣበት በ1970ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የቴህራን ሀብታም በሰሜን፣ በተራራው ግርጌ፣ ድሃው በደቡብ፣ በሜዳው ይኖር ነበር። የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ለማወቅ ከተማ ማቋረጥ ነበረባት። የአዲስ አበባዋ ልጅ ግን ጓሮ ማቋረጥ ይበቃታል።

ጓሮው ደግሞ ስም አለው፤ ሰርቪስ። ከቪላው ኋላ፣ ከአጥሩ ጋር ተለጥፈው የተሠሩ አንድ ረድፍ ክፍሎች ናቸው። ወጥ ቤቱ፣ የዘበኛው ክፍል፣ የሠራተኞቹ ማደሪያና የዕቃ ማስቀመጫው እዚያ ነው። ወጥ ቤቷ ልጅ ካላትና እመቤቲቱ ከፈቀደች ልጅቷ እዚያው ታድጋለች። የቤቱ ልጅና የወጥ ቤቷ ልጅ በዕድሜ ከተቀራረቡ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመታቸው ድረስ የሚለያቸው ጉዳይ ጥቂት ነው። ቅልሞሹ፣ ሰኞ ማክሰኞውና ዕቃ ዕቃው የጋራ ነው። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ታዲያ እናት የምትሆነው የቤቱ ልጅ ናት፤ ሠራተኛ የምትሆነው ሌላዋ። ማንም አላስተማራቸውም፣ የሚያዩት ይኸው ነው። ደግሞ የጭቃውን እንጀራ አሳምራ የምትጋግረው የወጥ ቤቷ ልጅ ስለሆነች የጨዋታው እውነተኛ መሪ እሷ ነበረች። እናት ሆና የተቀመጠችው ልጅ “አሁንስ ምን ልሥራ?” ብላ የምትጠይቀው ሠራተኛዋን ነው።

መለያየቱ የሚጀምረው በአጠራር ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በስማቸው ይጠራራሉ። አንድ ቀን ግን ወጥ ቤቷ ልጇን ጥግ ይዛ “ከእንግዲህ እትዬ በያት” ትላታለች። ይህን ትእዛዝ የሰጠችው እመቤቲቱ ላትሆን ትችላለች፤ ብዙ ጊዜም አይደለችም። እናት ናት፣ ልጇ እንዳትዋረድባት ቀድማ የምታስጠነቅቅ። እኩያን እትዬ ማለት የለመደች ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት ቋንቋ ይኖራታል። ሰው ፊት “እትዬ”፣ ጓሮ ውስጥ “አንቺ”። የቤቱ ልጅ ግን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው ያላት። በኋላ በተማሪነቷ ስለ ጭቆና መጽሐፍ ስታነብ ያልገባት ነገር፣ ለጓሮዋ ጓደኛዋ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የገባት ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የቆየው ኅብረተሰብ ላይና ታችን የሚያገናኝ ሥርዓት አላጣም። የክርስትና እናት አለች፤ ድሃዋ ልጇን ለባለጸጋዋ ክርስትና ታስነሳለች። የጡት ልጅነት አለ፤ ሰው ባላባት ጋ ጡት ተጣብቶ ልጅ ይሆናል። ማሳደግ አለ፤ ባላገር ዘመድ ልጁን “አስተምሩልኝ” ብሎ ከተማ ይልካል፣ ልጅቷ ግማሽ ልጅ ግማሽ ሠራተኛ ሆና ታድጋለች። እነዚህ ሁሉ ቄስ ወይም ሽማግሌ የሚያውቃቸው፣ ስምና ግዴታ ያላቸው ትስስሮች ናቸው። ሁሉም ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። የእኩያ ሴቶች ልጆች ጓደኝነት ሥርዓትም ምስክርም አልነበረውም።

በድርሰታችንም ቦታ አላገኘም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” የመደብን አጥር የሚሻገሩት ድሃው በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ናቸው። የወንድና የሴት ፍቅር ዘር ያደባልቃል፣ ርስት ያነካካል፣ ስለዚህ ያስፈራል፣ ስለዚህም ይጻፋል። የሁለት ልጃገረዶችን ወዳጅነት የፈራ ሰው አልነበረም። የጻፈውም የለም ማለት ይቻላል።

ከጓሮው ቀጥሎ ያለው መገናኛ ትምህርት ቤት ነው። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1931 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲከፈት በመንግሥት የተቋቋመ የመጀመሪያው የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማሩበትም ባብዛኛው የመኳንንትና የባለሥልጣን ልጆች ነበሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት በየሠፈሩ ሲስፋፋ ግን የሻለቃውና የሹፌሩ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡበት ዕድል ተፈጠረ። ልጁን ለማራቅ የፈለገ ሀብታም ሊሴ ገብረ ማርያም፣ ሳንፎርድ ወይም ናዝሬት ስኩል ይልካል። መካከለኛው ባለሥልጣን፣ የጦር መኮንኑና ነጋዴው ግን ሁሉም አይችሉም ነበር። እናም ከአብዮቱ በፊት የነበረው እውነተኛው የመደብ መቀላቀያ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዩኒፎርም ቀሚስን ያስተካክላል፤ ጫማን፣ ምሳ ዕቃንና ሰዓትን አያስተካክልም። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ያላት ልጅ ማታ አጥባ፣ ሌሊት ምድጃ አጠገብ አድርቃ፣ ጠዋት እርጥቡን ለብሳ ትመጣለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ እጅጌውን ስትነካው ታውቃለች። እንግዲህ ወዳጅነቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ አውቃ ዝም ትላለች፣ ምሳዋን “እኔ አልራበኝም፣ ተካፈይኝ” ብላ ታቀርባለች፣ ወይስ ለእናቷ ትነግርና እናቲቱ አሮጌ ቀሚስ በፌስታል ትልካለች? ሦስተኛው ደግነት ነው፤ ጓደኝነቱን የሚገድለውም እሱ ነው። ቀሚሱን ከተቀበለች ወዲያ ተቀባይ ሆነች፤ የክርስትና ልጅ ሆነች እንጂ ጓደኛ መሆኗ አበቃ።

የዚህ ዓይነት ወዳጅነት ልኩ የሚለካው በአንድ ጥያቄ ነው። ማን ወደ ማን ቤት ይሄዳል? ለጥናት፣ ለበዓል፣ ለልደት ድሃዋ ልጅ ወደ ቪላው ትመጣለች። የቪላዋ ልጅ ግን ወደ ሳሪስ ወይም ወደ ቄራ ጀርባ አትሄድም። ወላጆቿ አይፈቅዱም፤ ፈቅደው መኪና ቢያዙላት እንኳ መኪናው የጭቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲቆም የሚሰማትን እፍረት ጓደኛዋ ቀድማ ስለምታውቀው አትጋብዛትም። “ቤታችን ሩቅ ነው” ትላታለች። ሁለቱም ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ዕውቀቱ ሚዛን አልነበረውም። ድሃዋ የሀብታሙን ቤት ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ታውቀዋለች፤ ስንት በር እንዳለው፣ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል፣ አባትየው ሲቆጣ ምን እንደሚል። ሀብታሟ የድሃዋን ቤት አይታው አታውቅም። ይህ የዕውቀት መዛባት በኋላ፣ አብዮቱ ሲመጣ፣ ትልቅ ዋጋ አወጣ።

ሌላው መለኪያ ሠርግ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ሚዜ የሚሆኗት ጓደኞቿ ናቸው፤ ሚዜ ደግሞ ለፎቶግራፍ ይቆማል፣ በአማቾች ፊት ይታያል፣ ቀሚስ ያሰፋል። ከጓሮ የመጣች ጓደኛ ሚዜ ሆና የተሰለፈችበት የመኳንንት ሠርግ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ወጥ ቤት ገብታ ስትረዳ የዋለችበት ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

ትምህርት ቤቱ ያስጠጋቸውን ልጆች መንግሥት ራሱ ሊበትናቸው የተነሳው በሴክተር ሪቪው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣው ይህ የትምህርት ጥናት ብዙ ሐሳብ ነበረው፤ ሕዝቡ የያዘው ግን አንዱን ነው። አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ እርሻውና ወደ ሥራው ይመለስ፣ ከዚያ በላይ የሚማረው ጥቂቱ ይሁን የሚለውን። የጥናቱ አዘጋጆች ገንዘቡን አስልተው ይሆናል። የሹፌሩ ሚስት ግን ያሰላችው ሌላ ነው፤ ልጄ አራተኛ ክፍል ላይ ትቆማለች፣ የሻለቃው ልጅ ትቀጥላለች። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አድማ ሲመቱ አንዱ ጥያቄያቸው ይህ ጥናት እንዲሰረዝ ነበር። የዚያኑ ዕለት በነዳጅ መወደድ የተቆጡት የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። በወሩ መጨረሻ የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በአንድ ክፍል ውስጥ የታክሲ ነጂ ልጅ፣ የመምህር ልጅና የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጅ ቢቀመጡ በዚያ ወር የሦስቱ አባቶች በሦስት የተለያየ ጎራ ቆመው ነበር።

ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ግን ቸኩለን አንለፋቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ተማሪው በ1957 “መሬት ላራሹ” ብሎ ሰልፍ ወጣ። በ1958 ለማኞች ሾላ በተከለለ ካምፕ መታጎራቸውን ተቃውሞ “ድህነት ወንጀል ነውን?” ብሎ ጠየቀ። በመጋቢት 1960 ደግሞ በስድስት ኪሎው ግቢ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ወንዶቹ ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ አጭር ቀሚስ የለበሱትን ልጃገረዶች ሰደቡ፣ እንቁላል ወረወሩ። ምክንያታቸው የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው፣ ሕዝብ እየተራበ ሞድ ማሳየት ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። ነገር ግን የሀብታሙ ልጅ ወንዱ በአባቱ መኪና ግቢ ሲገባ እንቁላል የወረወረበት አልነበረም። የመደብ ጥያቄ በሴት ልጅ ቀሚስ ላይ መጻፉ ቀላል ሆኖ ተገኘ። እዚያ የነበሩት ሴት ተማሪዎች ደግሞ በቁጥር እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ በማደሪያቸው የቪላዋም የክፍለ ሀገሯም ልጅ ጎን ለጎን ነበር የሚተኙት። ሞድ የለበሰችውንና ያልለበሰችውን ከውጭ የመጣ እንቁላል አይለያቸውም። ያን ቀን የተማሩት ትምህርት ከመደብ ጋርም ከሴትነት ጋርም የተያያዘ ነበር፤ በኋላ የድርጅት ወረቀት ስለ ሁለተኛው ያወራው በጣም ጥቂት ነው።

ከላይኛው መደብ ወጥተው ወደ ሌላው ወገን የተሻገሩ ነበሩ። የታወቀችው ማርታ መብራህቱ ናት። የጄኔራል ልጅ፣ የሕክምና ተማሪ ነበረች። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከተማሪው ንቅናቄ መሪ ከዋለልኝ መኮንንና ከሌሎች ጓደኞቿ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ተነሳች፤ ከሰባቱ ጠላፊዎች ስድስቱ ሞቱ፣ አንዷ እሷ ነበረች። ታደለች ኪዳነ ማርያም ብቻ ተረፈች። ስለ ማርታ ሲወራ ብዙ ጊዜ “ምን አጥታ?” ይባላል። ጥያቄው ራሱ ስሕተት ይመስለኛል። ምንም ያላጣ ሰው ያጣውን ሰው በቅርብ ካየ፣ ከወንድሞቹ ይልቅ አምርሮ ሊነሳ ይችላል። የሰፊ ግቢ ልጆች ድህነትን ያነበቡት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ሰርቪሱ ሃያ እርምጃ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር 14፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። አንድ ክፍል ውስጥ አባቷ የተረሸነባት ልጅ ካለች ጓደኛዋ ምን ታደርጋለች? በአገራችን ለቅሶ መድረስ የማይታለፍ ግዴታ ነው፤ ጠላትም ይደርሳል። ያን ሰሞን ግን ወደዚያ ግቢ መግባት ማየት የሚችል ዓይን ሁሉ የሚመዘግበው ሥራ ሆነ። ሁልጊዜ በኋላ በር የምትገባዋ ጓደኛ አሁን ጥቅም አገኘች፤ የኋላ በሩን ታውቀዋለች።

በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 ሰው፣ ወደ ገጠር ተላከ። አልዘምትም ያለ ትምህርትም ሥራም የለውም። ዘመቻው ለሴቶች ልጆች ያደረገውን ውለታ ብዙ ሰው አያነሳውም። ያለ እናት፣ ያለ ዘበኛ፣ ያለ መኪና፣ በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ዓይነት ካኪ፣ አንድ ድስት ውኃ ተሸክሞ መኖር። ለመጀመሪያ ጊዜ ማን ወደ ማን ቤት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ቀረ፤ ሁለቱም ቤት አልነበራቸውምና። እንጨት መልቀም፣ ሽሮ መሥራት፣ እሳት ማያያዝ የሚችለው ማን እንደሆነም በአንድ ሳምንት ታወቀ። ዕቃ ዕቃው እንደገና ተጀመረ ማለት ነው፤ አሁን ግን ጭቃው እውነተኛ ሊጥ ሆኗል።

ልጆቹ ገጠር ሳሉ ከተማው ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ታወጀ፤ የላፍቶና የመካኒሳው አራሽ የሰው ጭሰኛ መሆኑ ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ የመኖሪያ ቦታው ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ሄደ። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ኪራዩ ተቀነሰለት።

አዋጁ በኢኮኖሚ መጻሕፍት ብዙ ተተንትኗል። ለሁለት ጓደኛሞች ያመጣው ግን ሌላ ነው። የሳሪሷ ልጅ እናት ለቪላው ባለቤት ኪራይ መክፈል አቆመች፤ ምናልባት ያ ባለቤት የልጇ ጓደኛ አባት ነበር፣ ሁለቱም ልጆች ግን ያን ጊዜ አላነሱትም ነበር። አሁን ቀበሌ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ፎርማን፣ ጸሐፊው ተማሪ፣ አብዮት ጥበቃው የሠፈር ጎረምሳ ነው። መታወቂያ ከዚያ ይወጣል፤ በኋላ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም በኅብረት ሱቅ ወረፋ ይሆናል። ወደ ክፍለ ሀገር ለመሄድ ይለፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ቀበሌ ውስጥ ሰው መኖሩ ይጠቅማል። የቪላዋ ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጓደኛዋን ቤት ጠይቃ፣ በጭቃው ተራምዳ፣ ዝቅ ብላ ገባች። የሄደችው ለአባቷ መታወቂያ ነው። ጓደኛዋ ቡና አፈላችላት ወይስ “ቀበሌ ሂጂ” አለቻት? ሁለቱም ሆኗል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ አብዮቱን የሚያወድስ ወይም የሚኮንን ታሪክ መሥራት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ መንገዱ መገልበጡ ነው።

ወታደራዊው መንግሥት (ደርግ) በተቃዋሚዎቹ ላይ የከፈተው ቀይ ሽብር ሲመጣ ግልበጣው ራሱ ትርጉም አጣ። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ፣ በኢሕአፓ (በኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) አባልነት የሚፈለገው ወጣት የባለጸጋም የድሃም ልጅ ነበር፤ እንዲያውም ከወዛደሩና ከመካከለኛው ቤት የወጣው ይበዛ ነበር። ተፈላጊ ልጅ የሚደበቀው አሳሹ ይኖራል ብሎ በማይጠረጥርበት ቤት ነው። ለሳሪሷ ልጅ ያ ቤት የወረደ ባለሥልጣን ቪላ ይሆናል፤ “እዚያ ያሉት አድኃሪዎች ናቸው፣ ኢሕአፓ አይደብቁም” ይባላልና። ለቪላዋ ልጅ ደግሞ የድሮ ሞግዚቷ ክፍል ይሆናል። አሮጌው የዕውቀት መዛባት እዚህ ዋጋ አወጣ ያልኩት ለዚህ ነው። ስንት በር እንዳለ የምታውቅ ልጅ ማምለጥም ማስመለጥም ትችላለች፤ መጠቆምም ትችላለች። ሕይወት ተፈራ “ማማ በሰማይ”ን፣ ታደለች ኃይለ ሚካኤል “ዳኛው ማነው”ን ከጻፉ ወዲህ የዚያን ዘመን የሴቶች ድምፅ ማግኘት ተችሏል። ከዚያ በፊት ታሪኩ የወንዶች ብቻ ነበር።

ከርቸሌም አለ። የንጉሣውያን ቤተሰብ ሴቶች ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው እስከ 1980 ቆዩ። በዚያው የሴቶች ግቢ በየጊዜው የሚገቡት የኢሕአፓ ልጃገረዶች፣ ነጋዴዎችና በወንጀል የተፈረደባቸው ድሆች ነበሩ። ልዕልትና የገበሬ ልጅ አንድ ወለል ላይ የተኙት በማንም መልካም ፈቃድ ሳይሆን በቁልፍ ነው። እስር ቤቱ ዛሬ የለም፤ ከሳር ቤት እምብዛም በማይርቀው በዚያ ቦታ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል።

ዛሬ ወደዚሁ ክፍለ ከተማ ብንመለስ፣ ቀላል ባቡሩ በላንቻ፣ በንፋስ ስልክ፣ በአደይ አበባና በሳሪስ ያልፋል፤ እርሻ የነበረው ጀሞና ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ዕጣ የወጣለት፣ ከመሃል ከተማ የተነሳው፣ ገዝቶ የገባውና የተከራየው አንድ ብሎክ ላይ ይኖራሉ። ይህ የድሮውን ሠፈር ቅልቅል በሌላ መልክ የመለሰ ሊመስል ይችላል። ትምህርት ቤቱ ግን ተለያይቷል። ከተማ አስተዳደሩ ከ2011 እና 2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማቅረብ ጀምሯል፤ ርቧት ክፍል ውስጥ የምትወድቅ ልጅ እንዳትኖር ያደረገ ትልቅ ሥራ ነው። መክፈል የቻለው ወላጅ ደግሞ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወስዷል። የሻለቃውና የሹፌሩ ልጅ የተቀመጡበት ያ የሁለተኛ ደረጃ ዴስክ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል። አንድ ደረጃ የሚወጡ የብሎክ ጎረቤታሞች በሁለት ዓይነት ዩኒፎርም፣ በሁለት ዓይነት የትምህርት ቋንቋ፣ አንዷ በሰርቪስ መኪና ሌላዋ በእግር ይለያያሉ።

ሰርቪስ ቤቱም ተለውጧል። በድሮው ግቢ የቤቱ ልጅ ጓደኛ የሠራተኛዋ ልጅ ነበረች። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን ለሠራተኛ ልጅ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ራሷ ልጅ ሆና መጣች። ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከጎንደር ገጠር በደላላ የመጣች የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የቤቱ ልጅ እኩያ፣ ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። ሁለቱ ልጆች እኩል በአንድ ስልክ ቪዲዮ አይተው ይስቃሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ሚስጥር ይነጋገራሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል፤ የቤት ውስጥ ሥራ ግን ከአዋጁ ውጭ ነው። ቀጣሪዋ ደግ ከሆነች ልጅቷን ማታ ትምህርት ታስገባታለች። ለብዙዎቹ የደመወዝ ስምምነቱ ዋና አንቀጽም ይኸው ነው፤ “የማታ ትማራለች” ይባላል፣ ደላላውም ይህን ጠቅሶ ያስማማል። ዕቃ አጥባ፣ እራት አቅርባ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። ስምንተኛ ክፍል ከደረሱ ሁለቱም በዓመቱ መጨረሻ ለአንድ የከተማ አቀፍ ፈተና ይቀመጣሉ። አልጀብራ ያልገባት የትኛዋ እንደሆነች አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ከመተኛቷ በፊት ማን ማንን እንደምታስጠናም እንዲሁ።